ደንበኛ ሲወጣ የሚረሳ ብሮውዘር ፍለጋ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ኮፒ ቤት አለችኝ። ሁለት ላፕቶፕ፣ አንድ ኮፒ ማሽን፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ላሚኔት ማድረጊያ። ዱሮ እንጀራዬ ማመልከቻና የኪራይ ውል መተየብ ነበር። አሁን ከሥራዬ ግማሽ በላይ የሚሆነው ኦንላይን ነው፦ የፓስፖርት ማመልከቻ፣ የፈተና ውጤት፣ የሥራ ምዝገባ። ደንበኛው መታወቂያውን ይሰጠኛል፣ ስልኩን ይነግረኛል፣ ብዙ ጊዜ ፓስወርዱንም ጮክ ብሎ ይነግረኛል። ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ኮፒ ቤት ከፍታችሁ በሰው ምስጢር መሐል ለምትውሉ ነው።

ነገሩ የጀመረው ጥቅምት ውስጥ ነው። ከቀኑ አምስት ሰዓት ገደማ አንዲት ልጅ ለሥራ ልትመዘገብ መጣች። ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች፣ ፎርሙን ከፈትኩ፣ የስሟን የመጀመሪያ ፊደል ስመታ ከሳጥኑ ሥር ዝርዝር ተዘረገፈ። ከእሷ በፊት ያስተናገድኳቸው ሰዎች ስም ነው። ስልክ ቁጥር የሚሞላበት ላይ ስደርስም እንደዚያው። ልጅቱ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብላ «እትዬ፣ ይሄ የጎረቤታችን ስም አይደል? ምን ሊያስሞላ መጥቶ ነው?» አለችኝ። ሰውዬው በዚያው ሳምንት የፓስፖርት ፎርም አስሞልቶኝ ነበር። ደሴ ውስጥ ሰው በሰው ይተዋወቃል። መንገድ ያሰበ ሰው ለጎረቤቱ ያልነገረውን እኔ ቤት ያለ ኮምፒዩተር ሊነግርበት ምንም አልቀረው። ያን ዕለት ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እሁድ ወንድሜ ከኮምቦልቻ መጣ። እዚያው ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው የሚማረው። ነገርኩት። «ቪቫልዲ የሚባል ብሮውዘር አለ፣ ሞክሪው» ብሎ ጫነልኝ። እኔ ግን አንዱን ብቻ ሞክሬ ከምፈርድ ሁሉንም አንድ አንድ ሳምንት ልያቸው ብዬ ደብተር ያዝኩ። የምጽፍላችሁ ከዚያ ደብተር ነው።

አዲሱን ከመንካቴ በፊት የለመድኩትን ክሮም በደንብ ፈተሽኩት። እስከዚያ ድረስ መፍትሔው ኢንኮግኒቶ፣ ማለትም ታሪክ የማያስቀምጠው ጥቁር መስኮት፣ መስሎኝ ነበር፤ ለእያንዳንዱ ደንበኛ እሱን መክፈት። አንድ ሙከራ አደረግሁ። በአንዱ ኢንኮግኒቶ መስኮት የራሴን ኢሜይል ከፈትኩ። እሱን ሳልዘጋ ሌላ ኢንኮግኒቶ መስኮት ከፍቼ ያንኑ አድራሻ ጻፍኩ። ፓስወርድ እንኳ ሳይጠይቀኝ ኢሜይሌ ተከፈተ። ለካ ኢንኮግኒቶ መስኮቶች ሁሉ ኩኪያቸው (ድረ ገጽ ማን እንደገባ ለማስታወስ ብሮውዘሩ ውስጥ የሚያስቀምጠው መረጃ) አንድ ነው፤ የሚጠፋው የመጨረሻው መስኮት ሲዘጋ ብቻ ነው። ሁለት ደንበኛ ወረፋ ይዞ አንደኛው ኦቲፒ (በስልክ የሚላክ የማረጋገጫ ቁጥር) እስኪመጣለት ሲጠብቅ የሁለተኛውን በሌላ ጥቁር መስኮት ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝ። ይህን ያወቅሁ ቀን ደብተሬ ላይ በቀይ ጻፍኩት።

ክሮም ውስጥ ከኢንኮግኒቶ ሌላ የእንግዳ መስኮት አለ፤ የፕሮፋይሉን ክብ ምልክት ስትነኩ «ጌስት» የሚለው ነው። ይህ ለእኛ ሥራ የበለጠ ይሆናል። የእኔን ታሪክ፣ የእኔን ቡክማርክ፣ የተቀመጠ ፓስወርድ ምንም አያሳይም፤ ሲዘጋ ሁሉንም ይጥላል። ግን እዚህም ሁለት የእንግዳ መስኮት አንድ ላይ ከከፈታችሁ ይጋራሉ። ስለዚህ ሕጉ አንድ ነው፦ አንዱ ደንበኛ ሳይዘጋ ሌላው አይከፈትም።

ቪቫልዲን ሰኞ ጀመርኩት። ኦፔራ የተባለውን ብሮውዘር ከመሠረቱት አንዱ የሆነው ጆን ቮን ቴችነር ኦፔራን ከለቀቀ በኋላ ከሌሎች ጋር የመሠረተው ነው፣ የመጀመሪያው ሙሉ እትም በ2016 እ.ኤ.አ. ወጣ። የዱሮ ኦፔራ የነበረው ሰው ጠባዩን ያውቀዋል፤ ሁሉም ነገር በራስ ምርጫ ይስተካከላል። እውነቱን ለመናገር በጣም ወደድኩት። የአንድን ደንበኛ ታቦች አንዱን በአንዱ ላይ ጎትቼ እደራርባቸውና አንድ ቁልል ይሆናሉ፤ የፎርሙ ታብ፣ የኢሜይሉ ታብ፣ የክፍያው ታብ በአንድ ቦታ። በጎን ማስታወሻ መጻፊያ አለው፣ እዚያ ላይ ለየፎርሙ የሚያስፈልጉ ሰነዶችን ዝርዝር አስቀመጥኩ። በፊት ግድግዳ ላይ በፕላስተር የለጠፍኩት ወረቀት ነበር።

ከሁሉ የጠቀመኝ ግን ከታች ባለው መስመር ላይ ያለች አንዲት ምልክት ናት። ስትነካ ድረ ገጹ ያለ ፎቶ ይከፈታል። እኔ የምሠራው ከስልኬ በሆትስፖት ነው፣ ፓኬጅ እየገዛሁ። የማስታወቂያ ፎቶ የሞላበት የሥራ ቅጥር ገጽ ፎቶው ሲጠፋ ጽሑፉ ወዲያው ነው የሚመጣው። ስልክ ላይ ኢንተርኔት በኦፔራ ሚኒ የጀመርን ሰዎች ይህን ዓይነት ቁጠባ እናውቃለን፤ እሱ ገጹን መጀመሪያ በራሱ ሰርቨር ላይ ጨምቆ ነበር የሚልክልን። ክሮምም ለስልክ ተመሳሳይ ቆጣቢ ነበረው፣ በመጋቢት 2022 እ.ኤ.አ. ቀረ። የሰው መታወቂያ የሚላክበት ፎርም ግን በመካከል ሌላ ሰርቨር ባይገባበት እመርጣለሁ፤ ፎቶን እዚሁ መከልከል ከዚያ ይሻላል።

የማይመቸኝም አለ። አሮጌው ላፕቶፔ 4 ጊጋ ራም ነው ያለው። ቪቫልዲ ሲከፈት ከክሮም ይዘገያል፣ ቁልሎቹ ሲበዙ ማሽኑ ያቃስታል። ሥራ የሌላቸውን ታቦች ማስተኛት ስለሚችል ያንን ስጠቀም ተንፈስ አለ። ሴቲንጉ ደግሞ ሰፊ ነው፤ የምታግዘኝ ልጅ ሁለት ቀን ግራ ገብቷት «እቴ፣ የድሮውን ክፈችልኝ» ስትለኝ ሰነበተች። ዋናው ጥያቄዬ ላይ ስመለስ ደግሞ ቪቫልዲ ከክሮም አይለይም። ቁልሉ ታቦችን ያሰባስባል እንጂ አካውንትን አይለይም። የሁለት ደንበኛ ኢሜይል በሁለት ቁልል ለመክፈት ስሞክር ሁለተኛው የመጀመሪያውን ሰው ኢሜይል አመጣብኝ። እሱም የእንግዳ መስኮት አለው፣ አሠራሩ ያው የክሮሙ ነው።

ወንድሜ እንዳስረዳኝ ይህ አያስገርምም። ክሮም፣ ኤጅ፣ ኦፔራ፣ ብሬቭ፣ ቪቫልዲ ሁሉም የተሠሩት ክሮሚየም በሚባለው አንድ መሠረት ላይ ነው። የማይክሮሶፍቱ ኤጅ እንኳ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደዚያው ገብቷል። ላዩ ይለያያል፣ ሞተሩ አንድ ነው። ዊንዶውስ ኮምፒዩተር ላይ ከምንሠራባቸው ከታወቁት ውስጥ በራሱ ሞተር የሚሄደው ፋየርፎክስ ነው።

ስለዚህ በሦስተኛው ሳምንት ወደ ፋየርፎክስ ሄድኩ። እዚህ ነው ፍለጋዬ መልስ ማግኘት የጀመረው። የፋየርፎክስ ሠሪው ሞዚላ ራሱ ያወጣው «መልቲ አካውንት ኮንቴይነርስ» የሚባል ተጨማሪ አለ። ከጫናችሁት በኋላ እያንዳንዱን ታብ በአንድ ዕቃ (ኮንቴይነር) ውስጥ ትከፍታላችሁ፤ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ መስመር ታቡ ላይ ይሰመራል። የሰማያዊው ኩኪ ወደ አረንጓዴው አይሻገርም። በአንድ መስኮት ውስጥ የሦስት ሰው ኢሜይል ጎን ለጎን ከፍቼ አየሁ፤ ሦስቱም የየራሳቸው ነበሩ። ወረፋ ለሚበዛበት ቤት ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ዕቃዎቹን «ወንበር 1» «ወንበር 2» «ወንበር 3» ብዬ ሰየምኳቸው፣ ወንበሮቹ ላይም በየቀለማቸው ፕላስተር ለጠፍኩ። ኦቲፒ የሚጠብቀው ሰው ቢጫው ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ እኔ በሰማያዊው እቀጥላለሁ።

ግን ልብ በሉ፣ ኮንቴይነር ኩኪን ይለያል እንጂ ፎርም ላይ የተጻፈ ስምን አይለይም። ያ ያሳፈረኝ ዝርዝር በፋየርፎክስም ሊመጣ ይችላል። ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ የፎርም ታሪክ መያዝን ዘጋሁ፣ ፓስወርድ ሴቭ ላድርግ ብሎ መጠየቁንም ዘጋሁ፣ የቆየውን ሁሉ አጠፋሁ። ክሮም ላይም ይህንኑ አደረግሁ። ሌላ ምንም ባትሠሩ ይህቺን ዛሬውኑ አድርጓት።

ፋየርፎክስ ላይ የገጠመኝ ችግር አንድ የመመዝገቢያ ገጽ ነው። ሁሉንም ሞልቼ «ቀጥል» የሚለውን ብነካ ብነካ ዝም። ያንኑ ፎርም በክሮም ስከፍተው በአንዴ አለፈ። ሠሪዎቹ በክሮም ብቻ ፈትሸው ያወጡት ይመስለኛል፤ ሁሉ ሰው አንድ ሞተር ሲይዝ የሚመጣው ጣጣ ይህ ነው። ስለዚህ ፋየርፎክስን ብቻ ይዞ መኖር አልቻልኩም።

ብሬቭን የያዝኩት አራት ቀን ብቻ ነው። ማስታወቂያንና የሰውን እንቅስቃሴ የሚከታተሉ ኮዶችን ምንም ሳታስተካክሉት ከመጀመሪያው ይከለክላል፣ ገጽ ቶሎ ይከፍታል። አንድ የወደድኩለት ነገር የአንድን ገጽ ታብ ስትዘጉ የዚያን ገጽ ኩኪ አብሮ እንዲያጠፋ ማዘዝ ይቻላል። ኮንቴይነርን ባላውቅ ኖሮ ምርጫዬ እሱ ይሆን ነበር።

የአማርኛውን ነገር ሳልነካ አላልፍም፣ ምክንያቱም ከዚህ ሁሉ ፍተሻ አራቱም እኩል የወደቁበት እሱ ነው። የተለጠፈ የስም ዝርዝር ከፍታችሁ ገጹ ውስጥ ስም ስትፈልጉ «ኃይሉ» ብላችሁ ጽፋችሁ ዝርዝሩ ላይ «ሀይሉ» ከሆነ የለም ይላችኋል። አንድ ልጅ ስሙ የለም ተብሎ ፊቱ ሲገረጣ አይቻለሁ፤ በ«ሠ» የሚጽፈው ስሙ በ«ሰ» ተጽፎ ነው። ለኮምፒዩተር ሀ፣ ሐ እና ኀ ሦስት የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። አሁን ደንበኛ ሲመጣ በሁሉም አጻጻፍ ሳልፈልግ የለም አልልም፤ ሞክሼ ፊደል የሌለበትን የአባት ስም ካገኘሁ በእሱ እጀምራለሁ። በአሮጌ ቪዥዋል ግዕዝ ፎንት የተተየበ ጽሑፍ ፎርም ላይ ስትለጥፉት የፈረንጅ ፊደል ዝብርቅርቅ የሚሆነውም የብሮውዘሩ ጥፋት አይደለም። ጽሑፉ ዩኒኮድ በሚባለው የጋራ የፊደል አሠራር ስላልተጻፈ ነው፤ እንደገና መተየብ ነው ያለው።

ከሁሉ የቆረቆረኝን ልንገራችሁ። በአራተኛው ሳምንት ከኩታበር አንድ አባት መጡ። ለልጃቸው ጉዳይ ነው። መታወቂያቸውን ስካን አደረግሁ፣ ፎርሙን በእንግዳ መስኮት ሞላሁ፣ የወጣውን ማረጋገጫ ፕሪንት አድርጌ ሰጠኋቸው። ሊነሱ ሲሉ «ልጄ፣ ይሄ ወረቀቴ እዚሁ ይቀራል?» አሉኝ። «አይ አባቴ፣ አይቀርም፣ ይኸው ዘግቼዋለሁ፣ ይጠፋል» አልኳቸው። መርቀውኝ ሄዱ። ከሄዱ በኋላ ሌላ ነገር ፍለጋ ዳውንሎድ ፎልደሩን ከፈትኩ። ማረጋገጫቸው እዚያ ነው። ስካን ያደረግሁት መታወቂያቸው ዴስክቶፕ ላይ ነው። ወደ ታች ስወርድ ያለፈው ዓመት ደንበኞች ጭምር አሉ፤ የልደት ካርድ፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የሕክምና ማስረጃ። የክሮም መስኮት፣ ኢንኮግኒቶም ሆነ እንግዳ፣ ዳውንሎድ የተደረገ ፋይልን አይሰርዝም። ሳላውቅ ዋሽቻቸዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ ሁሉም ብሮውዘሮች ፋይል ከማውረዳቸው በፊት የት ላስቀምጥ ብለው እንዲጠይቁኝ አድርጌአለሁ። ለየደንበኛው ዴስክቶፕ ላይ አንድ ፎልደር እከፍታለሁ፣ ስካኑም ዳውንሎዱም እዚያ ይገባል። ሥራው ሲያልቅ ስክሪኑን ወደ ሰውዬው አዙሬ እያዩ ሺፍትና ዲሊት ተጭኜ አጠፋዋለሁ፤ እንዲያ ካልሆነ ሪሳይክል ቢን ውስጥ ይቀራል። ፋይሉን የሚፈልግ በፍላሽ ወይም በራሱ ቴሌግራም ይወስዳል። አንዳንዱ «ይቀመጥልኝ፣ ሌላ ጊዜ እመጣበታለሁ» ይላል፤ ለነሱ ስማቸውን ደብተር ላይ ጽፌ አስፈርማለሁ።

አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። ፋየርፎክስ ከነኮንቴይነሩ ለዕለት ሥራ። ክሮም በእንግዳ መስኮት ብቻ፣ ፋየርፎክስ ላይ እምቢ ለሚሉ ፎርሞች። ቪቫልዲ የራሴ ሆኗል፤ ማስታወሻዬ፣ የዕቃ ዋጋ የማይባቸው ገጾች፣ የማነበው ሁሉ እዚያ ነው፤ የደንበኛ ጉዳይ አይገባበትም። አሮጌው ላፕቶፕ ላይ ግን አላስቀረሁትም።

ያልፈታሁት መብራት ነው። የአሮጌው ላፕቶፕ ባትሪ ሞቷል። መብራት ድንገት ሲሄድ በእንግዳ መስኮት ግማሽ የተሞላ ፎርም አብሮ ይሄዳል፣ ደንበኛው ከነወረፋው እንደገና ይጀምራል። ፋየርፎክስ በኮንቴይነር ሲሆን መብራት ሲመለስ ታቦቹን፣ ብዙ ጊዜም የተጻፈውን ጭምር ይመልሳል፤ ይህ ማለት ደግሞ ደንበኛው ተስፋ ቆርጦ ቢሄድ ጽሑፉ ማሽኑ ውስጥ ቆይቷል ማለት ነው። ለጊዜው ረጃጅም መልሶችን መጀመሪያ በደንበኛው ፎልደር ውስጥ ኖትፓድ ላይ ተይቤ ሴቭ አደርግና ወደ ፎርሙ እገለብጣለሁ፤ ፎልደሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። መብራት ከተመለሰ በኋላም ፋየርፎክስን ስከፍት መጀመሪያ የማየው የማን ታብ እንደተመለሰ ነው። ባለቤቱ ወንበሩ ላይ ከሌለ እዘጋዋለሁ። ባትሪ የሚቀይር ሰው ኮምቦልቻ አለ ብሎኛል ወንድሜ፤ ቅዳሜ ይዤ እወርዳለሁ።