የዶስ ዘመኑን የመደብር መዝገብ በዊንዶውስ 11 ላይ ያስነሳሁበት መንገድ

አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ወዳለ አንድ የመኪና መለዋወጫ መደብር የተጠራሁት መብራት ሄዶ ሲመለስ ኮምፒውተራቸው ከተቃጠለ በኋላ ነበር። ደግነቱ ዲስኩ ተርፏል። የሽያጭና የንብረት መዝገባቸው ክሊፐር በተባለ የድሮ የመረጃ ቋት ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ የተጻፈ፣ ከዊንዶውስ በፊት በነበረው የኮምፒውተር ሥርዓት በዶስ የሚሠራ ፕሮግራም ነው፤ የጻፈው ሰው አድራሻው ጠፍቷል፣ የምንጭ ኮዱም የለም። አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ገልብጬ ስከፍተው ዊንዶውስ 11 አልቀበልም አለ።

ሁላችንም እትዬ የምንላቸው የሒሳብ ሠራተኛ ከጎኔ ቆመው ነበር። "ልጄ፣ መዝገቡ ጠፋ ማለት ነው?" አሉኝ። አልጠፋም አልኳቸው፤ ያን ስል ግን ሆዴ ፈርቶ ነበር።

ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ የ16 ቢት የዶስ ፕሮግራሞችን የሚያስተናግደው ክፍል የለውም። ባለ 32 ቢቱ ዊንዶውስ 10 ነበረው፤ ዊንዶውስ 11 ግን በ32 ቢት አልወጣም፣ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ስለዚህ የቀረው የዶስ ኮምፒውተርን አስመስሎ የሚሠራ ሶፍትዌር መጫን ነው። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ዶስቦክስ በዋናነት ለጨዋታዎች የታሰበ በመሆኑ፣ ከእርሱ የወጣውንና ለሥራ ፕሮግራሞች ይበልጥ የሚመቸውን ዶስቦክስ ኤክስን መረጥሁ። ክሊፐር በአንድ ጊዜ ብዙ ፋይሎችን ስለሚከፍት የሚፈቀደውን የፋይል ቁጥር ከፍ አደረግሁ፣ የዶት ማትሪክስ ማተሚያውንም አገናኘሁ። በማግስቱ ደረሰኝ ወጣ።

ትልቁን ስህተት የሠራሁት ከወራት በኋላ፣ የዶስቦክስ ኤክስን አዲስ ስሪት ስጭን ነው። በአሮጌው ላይ ደርቤ ጫንሁት፤ ፊደሉ እንዲጠራ ብዬም ማሳያውን የዊንዶውስ ፊደሎችን ወደሚጠቀመው ስልት ቀየርሁ። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ እንደ መስታወት ጠራ። የደንበኞቹ ስም ግን በሙሉ ወደ ግሪክ ፊደልና ወደ መስመር ቁርጥራጭ ተለወጠ። እትዬ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

መረጃው አልተነካም ነበር። ይህ ፕሮግራም የተጻፈው ዩኒኮድ በ1999 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የኢትዮጵያን ፊደል ከማካተቱ በፊት ስለሆነ፣ አማርኛውን የሚያሳየው በራሱ ዘዴ ነው። ሲነሳ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም በቪጂኤ ካርዱ (ምስልን ወደ ስክሪን በሚያወጣው ክፍል) ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ያሉትን የሌሎች ምልክቶች ቅርጾች እያነሳች በግዕዝ ፊደላት ትተካቸዋለች። እኔ የመረጥሁት ማሳያ ከካርዱ ሳይሆን ከዊንዶውስ ፊደል ስለሚያነብ፣ የተተካው ቅርጽ ቀርቶ የመጀመሪያው ምልክት ብቅ አለ። ማሳያውን ወደ ቀድሞው ስመልሰው "ለ" እና "ሐ" በየቦታቸው ተቀመጡ። እንዲህ ዓይነቱን የብልሃት ሥራ ላቆዩልን ባለሙያዎች ከልቤ አክብሮት አለኝ፤ ፕሮግራሙን "አሮጌ ነው፣ ጣሉት" ሲሉ ስሰማም ይከፋኛል።

አሁን አዲስ ስሪት ሲወጣ የምጭነው በሌላ አቃፊ፣ በመዝገቡ ቅጂ ላይ ነው። የማስተካከያ ፋይሉንም ለብቻው አስቀምጣለሁ። ፈታኟ እኔ ሳልሆን እትዬ ናቸው፤ የትኛው ገጽ ላይ ምን መታየት እንዳለበት ከእኔ ይልቅ እርሳቸው ያውቃሉ። በቅድሚያ ረጅም ስም ያለው ደንበኛ ይፈልጋሉ። ቀጥሎ በካርቦን ወረቀት ላይ ደረሰኝ ያትሙና ድምሩ ከሳጥኑ አለመውጣቱን በጣታቸው እየተከተሉ ያያሉ። በመጨረሻ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ብለው ሽያጭ ያስገባሉ፤ ስድስተኛዋን ቀን ካልተቀበለ አንገታቸውን ነቅንቀው ይነሳሉ።

ሦስቱም ካለፉ ፕሮግራሙ የሚከፈትበትን አቋራጭ ምልክት ወደ አዲሱ አቃፊ አዞራለሁ። አሮጌውን እስከሚቀጥለው የንብረት ቆጠራ አልነካውም።