ኢስሜኔ የት ገባች?

ዛሬ ከነጋ ጀምሮ ድብር ብሎኛል። እህቴ ጠዋት ደውላ ነበር። ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳናወራ ተዘጋጋን፤ በመካከላችን አንድ ነገር ከተፈጠረ ወዲህ እንደዚህ ነን። እጄ ሥራ ይያዝ ብዬ የመጽሐፍ መደርደሪያውን ማራገፍ ጀመርኩ። ከደብተሮቹ ስር የድሮው ስክሪፕቴ ወጣ፤ የ«አንቲጎኔ»፣ የጥንቱ የግሪክ ተውኔት። ጠርዙ ተበልቷል፣ የተሰፋበት ሽቦ ዝጓል፣ የእኔ ንግግሮች በሙሉ በእርሳስ ተሰምረዋል። አቧራውን ትቼ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

ተማሪ ሳለን የሠራነው ነው። አንቲጎኔን ልጫወት ስመኝ አዘጋጁ ኢስሜኔን ሰጠኝ፤ እህትየዋን፣ ፈሪዋን። ስንት ቀን እንዳኮረፍኩ! ሁለቱ ወንድሞቻቸው በጦርነት ተገዳድለው ሞተዋል። ንጉሥ ክሬዎን ከተማዋን ሊወጋ የመጣውን አንደኛውን፣ ፖሊኒቄስን፣ ማንም እንዳይቀብረው፣ የቀበረም እንዲሞት ያውጃል። አንቲጎኔ ወንድሜ ነው፣ እቀብረዋለሁ ትላለች። ኢስሜኔ አቅም የለንም፣ ተይ ትላታለች።

እዚያች ንግግር አጠገብ በራሴ እጅ ጽሑፍ «በፍርሃት» የሚል አለ። ያኔ እንደዚያ ነበር የገባኝ። ዛሬ ሳነበው ግን ሌላ ነገር ሰማሁ፦ አባት የለ፣ እናት የለች፣ ወንድሞቿ ሁለቱም ሄደዋል፣ የቀረቻት አንዲት እህት ናት፣ እሷም ዓይኗ እያየ ልትሞትባት ነው። ይሄ ፍርሃት ብቻ ነው እንዴ?

ደራሲው ሶፎክልስ ይህን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ441 ገደማ ነው ያቀረበው። ለምን እስከ ዛሬ አላረጀም ስንል «የሰው ባሕርይ ስለማይለወጥ» እንባላለን። እኔን ይሄ መልስ አያጠግበኝም። እንደሚመስለኝ ሰውየው ለሁሉም ምክንያት ሰጥቷቸዋል፣ ለክሬዎን እንኳ። ከተማዋ ከጦርነት ገና መውጣቷ ነው፤ ሕግ ካልጸና ሁሉም ይፈርሳል ብሎ ከልቡ ያምናል። ስለዚህ ማንም መጥቶ ቢያይ የሚቀመጥበት ወንበር አያጣም። በ1944 እ.ኤ.አ. ጀርመኖች በያዙት ፓሪስ ፈረንሳዊው ጸሐፌ ተውኔት ዣን አኑዊ በራሱ መንገድ የጻፈው «አንቲጎን» የጀርመኖቹን ሳንሱር አልፎ መድረክ ላይ ወጣ። በደቡብ አፍሪካው የሮበን ደሴት እስር ቤት እስረኞቹ ተውኔቱን ሲሠሩ ደግሞ ክሬዎንን የተጫወተው ማንዴላ ነበር። አስቡት፣ በግፍ የታሰረው ሰው የከልካዩን ንጉሥ ቃል በቃሉ አጥንቶ፣ በራሱ አንደበት ሲናገረው። አንድን ሰው ለመጫወት መጀመሪያ ከውስጥ ሆነህ ማሰብ አለብህ። ተውኔቱ ስብከት ቢሆን ኖሮ ይህን ማድረግ አይቻልም ነበር።

ግን ልቤን የያዘው ሌላ ቦታ ነው። አንቲጎኔ ከተያዘች በኋላ ኢስሜኔ እያለቀሰች ትመጣለች። እኔም አብሬ አድርጌዋለሁ፣ አብሬሽ ልሙት ትላለች። አንቲጎኔ አትቀበላትም። አንቺ አልፈለግሽም፣ እኔም አላካፈልኩሽም ነው ነገሩ። እዚያ ገጽ ላይ እርሳሱ ወረቀቱን ሊቀድ ደርሷል፤ ምን ያህል ተጭኜ እንዳሰመርኩ እኔ እንጃ።

ከዚያ በኋላ ኢስሜኔ መድረክ ላይ አትታይም። አንቲጎኔ ወደ ሞት ስትወሰድ ከንጉሡ ዘር የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ ትላለች። እህቷ በሕይወት እያለች! እኛ ስንሠራው ያን ጊዜ ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜ ነበር፣ ልብሴን ሳልቀይር። ያቺን ቃል በሰማሁ ቁጥር ሆዴ ይላወስ ነበር፣ ለምን እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር።

መሽቷል። መደርደሪያው እንደተበተነ ነው። ሌሎቹ ሁሉ መጨረሻቸው ይነገራል፤ ማን እንደሞተ፣ ማን እንደተጸጸተ። እሷ ግን በማግስቱ ከእንቅልፏ ስትነቃ፣ ያ ሁሉ ክፍል ባዶ ሆኖ፣ መጀመሪያ የማንን ስም ጠርታ ይሆን?