ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ላይ የባሕር ውሃ፦ የመጀመሪያዬ ትንሽ የኮራል አኳሪየም በባሕር ዳር

የጨው ውሃ አኳሪየም (የባሕር ዓሣና ኮራል የሚኖሩበት የመስታወት ገንዳ) ልጀምር ነው ስል ሰው ሁሉ የጠየቀኝ ስለ ጨው ነው። ከየት ታመጣለህ? ስንት ይፈጃል? የአፍዴራው አይሆንም? ጨው ግን ብር ካለ ይገኛል። ባሕር ዳር ላይ የሚያስቸግረው አየሩና መብራቱ ነው። ይህን ቀድሞ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም፤ ለመጀመር ለምታስቡ እስካሁን የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

አንድ ነገር ላስቀድም፦ ዓሣ ገና የለኝም። አትሳቁ፣ ምክንያቱ ይመጣል።

ገንዳው 60 ሴንቲሜትር ርዝመት፣ 30 ወርድ፣ 36 ቁመት አለው። ጢም ቢል ወደ 64 ሊትር ይይዛል። ድንጋዩ ገብቶበት ከላይ ትንሽ ሲጎድል 55 ሊትር ያህል ውሃ አለው። የተሠራው እዚሁ ከተማ መስታወት ቤት ነው፣ በ6 ሚሊሜትር መስታወት። ሠሪውን መስታወቱን ስለሚያጣብቅበት ሲሊኮን አጥብቃችሁ ጠይቁት። ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠው ብዙ ጊዜ የሻጋታ መከላከያ አለበት፣ ያ ደግሞ ለዓሣ መርዝ ነው። ያ ያልተቀላቀለበት፣ ሲደርቅ አቼቶ አቼቶ የሚሸተው ዓይነት ይሁን። ሽታው ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ውሃ አትጨምሩበት። ጠረጴዛውም በውሃ ልክ ይለካ። ያዘነበለ ጠረጴዛ ላይ ይህን ሁሉ ኪሎ መጫን መስታወቱን አንድ ቀን ያስተረትረዋል።

ወደ ጨው ልመለስ። በባሕር ውሃ ውስጥ ካለው ጨው 85 ከመቶ ያህሉ ሶዲየምና ክሎራይድ ነው፣ ማለትም ያው ወጥ ውስጥ የምንጨምረው። ወሳኙ ቀሪው ነው። አንድ ሊትር የባሕር ውሃ ከ400 ሚሊግራም በላይ ካልሲየም፣ 1,300 ሚሊግራም ገደማ ማግኒዚየም አለው። ኮራል፣ ያ ድንጋይ የሚመስለው የባሕር እንስሳ፣ አጥንቱን የሚሠራው ከካልሲየምና ከካርቦኔት ስለሆነ የገበታ ጨው ብቻውን ዋጋ የለውም። የአፍዴራው ለወጥ ይሁን። (በነገራችን ላይ አፋር ውስጥ ኮራል ራሱ አለ። ቀይ ባሕር ደናክልን ሸፍኖት በነበረበት ዘመን፣ የዛሬ 125,000 ዓመት ገደማ ያደገ ነው። አሁን በረሃው ዳር ደርቆ ቆሟል። አገራችን ባሕር የላትም ለሚላችሁ ሰው ጥሩ መልስ ነው።)

እኔ የአኳሪየም ጨው ያስመጣሁት ከዱባይ በሚመላለስ ዘመዴ በኩል ነው። ለ55 ሊትር 2 ኪሎ ያህል ይበቃል። በዋናው ማሸጊያው ይምጣ። በላስቲክ የተቋጠረ ነጭ ዱቄት ሻንጣ ውስጥ ሲገኝ ማስረዳቱ አድካሚ ነው።

ውሃውስ? የቧንቧ ውሃ ክሎሪንም ማዕድንም አለው። የታሸገውም ቢሆን ማዕድን አለው፣ መለያው ላይ ተጽፏል። ስለዚህ አነስተኛ የአርኦ ማጣሪያ (ውሃን በረቂቅ ሽፋን ገፍቶ የሚያሳልፍ)፣ መጨረሻው ላይ የተረፈውን ማዕድን የሚለቅመውን ዲአይ የሚባለውን ጨምሮ ገዛሁ። ቲዲኤስ ሜትሩ (ውሃ ውስጥ የሟሟውን ነገር የሚለካው) ዜሮ እስኪያነብ ድረስ ያንን ውሃ አልጠቀምም። ከዚያ ጨው ወደ ውሃ ይጨመራል እንጂ ውሃ ወደ ጨው አይጨመርም። በፓምፕ እየተናጠ ቢያድር ይመረጣል። የጨው ልኩ በ25 ዲግሪ ሙቀት 1.026 ነው (ከንጹህ ውሃ ጋር ሲነጻጸር ያለው ክብደት)፣ ወይም ከሺህ 35 እጅ ጨው። ሪፍራክቶሜትር (በብርሃን የጨውን ልክ የሚያሳይ መሣሪያ) ከገዛችሁ በንጹህ ውሃ ሳይሆን በ35 መለኪያ ፈሳሽ አስተካክሉት።

ድንጋዩን በተመለከተ እኔ የአገር ውስጥ ሰው ነኝ። ከውጭ የሚመጣ ደረቅ የኮራል ድንጋይ ዋጋው አይቀመስም። የጣና ዳር ጥቁር ድንጋይ ደግሞ እሳተ ገሞራ የተፋው ነው፣ ካልሲየም ካርቦኔት አይደለም። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ መንገድ ስትመጡ፣ ዓባይ በረሃን ወጥታችሁ የምታገኟት ደጀን ግን የኖራ ድንጋይ አገር ናት። ያ ድንጋይ ከ145 ሚሊዮን ዓመት በፊት በባሕር ስር የተጋገረ ነው። አቼቶ ጠብ ሲደረግበት ፊሽ ብሎ አረፋ ያወጣል፣ መለያውም ይህ ነው። እዚያ የሚሠራ ጓደኛዬ ቁርጥራጭ ላከልኝ። በብሩሽ ፈግፍጌ፣ ውሃ እየቀያየርኩ ዘፍዝፌ አስገባሁት። ችግሩ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ለባክቴሪያ ማደሪያ የሚሆን ብዙ ቀዳዳ የለውም። ለዚህ ፊልተሩ ውስጥ የሴራሚክ ቀለበቶች ጨመርኩ። አሸዋ አላስገባሁም። ወለሉ ባዶ ሲሆን ለማጽዳት ይቀላል።

አሁን ወደ አየሩ።

ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው 80 ከመቶ ያህሉ ነው። ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። በዚያ ላይ ጨዋማ ውሃ ከጣፋጩ ያነሰ ኦክስጅን ነው የሚይዘው፣ ሙቅ ውሃም ከቀዝቃዛው ያነሰ። የኮራል ገንዳ ጨዋማም ሙቅም ነው። በ26 ዲግሪ የባሕር ውሃ ጅቡቲ ላይ በሊትር 6.6 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል። ያው ውሃ ባሕር ዳር ላይ 5.3 አካባቢ ላይ ይጠግባል። ከዚያ በላይ እፍ ብትሉበትም አይቀበልም።

ዓሣ እዚህ አይኖርም ማለቴ አይደለም። መጠባበቂያው ጠባብ ነው ለማለት ነው። ሌሊት መብራቱ ሲጠፋ አልጌውም ኮራሉም ኦክስጅን ማምረት አቁመው መጠቀም ይጀምራሉ። ባክቴሪያውም ይጠቀማል። ስለዚህ ንጋት ላይ ያለው መጠን ከሁሉም ዝቅተኛው ነው። ውጭ አገር የተጻፉት መመሪያዎች በሙሉ ባሕር ዳርቻ ላይ ያለ ሰው የጻፋቸው ይመስላሉ። "በ60 ሊትር ሦስት ወይም አራት ትናንሽ ዓሣ" ይላሉ። እኔ ከሁለት አላልፍም። ሙቀቱንም 27 ሳይሆን 25 ላይ ይዤዋለሁ። የፓምፑን አፍ ደግሞ ወደ ላይ አዙሬ የውሃው ገጽ ሁልጊዜ እንዲናጥ አድርጌያለሁ። ኦክስጅን የሚገባው በገጹ በኩል ነው። ጸጥ ያለ ገንዳ ለዓይን ደስ ይላል፣ እዚህ ከፍታ ላይ ግን አደገኛ ነው።

ከዚህ የተነሳ መብራት ሲሄድ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ሙቀቱ አያሳስብም። 55 ሊትር ውሃ ቶሎ አይቀዘቅዝም፣ የጥር ሌሊት ከሆነ ጋቢ ደረብ ማድረግ ነው። የቆመ ፓምፕ ግን ሰዓት አይሰጥም። መፍትሔዬ 12 ቮልት፣ 7 አምፔር-ሰዓት የሆነች ባትሪና 5 ዋት የምትወስድ የ12 ቮልት ፓምፕ ናቸው። በሂሳብ 16 ሰዓት ይወጣል። ባትሪውን ግማሽ ብቻ መጠቀም ይሻላል፣ ስለዚህ 8 ሰዓት በሉት። ባትሪ የሚሸጡ የባጃጅ መለዋወጫ ሱቆች ከተማው ውስጥ ሞልተዋል። ከሂተርና ከመብራት በፊት ይህን ግዙ። ከልቤ ነው።

ትነቱም ሌላ ራስ ምታት ነው። በበጋው ደረቅ አየር፣ በተለይ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ማራገቢያ ስትከፍቱበት ውሃው ይሸሻል። የሚተነው ግን ውሃው እንጂ ጨው አይደለም። ከ55 ሊትር 5 ሊትር ቢጎድል 35 የነበረው ጨው 38.5 ይሆናል። መስታወቱ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉና ከምልክቱ በታች ሲወርድ ንጹህ ውሃ ብቻ ጨምሩ። በየሳምንቱ ከምትቀይሩት ውሃ የሚወጣውንም ጌሾና ጽጌረዳ ስር አትድፉ፣ ያደርቃቸዋል።

ዓሣ ለምን እንደሌለኝ አሁን ልንገራችሁ። ባክቴሪያው ገና ቤቱን እየሠራ ነው። ዓሣ አሞኒያ ያወጣል፣ አሞኒያ ዓሣ ይገድላል። አንዱ የባክቴሪያ ወገን አሞኒያን ወደ ናይትራይት ይለውጣል። ሌላው ናይትራይትን ብዙ ጉዳት ወደማያደርስ ናይትሬት። ይህ ሰንሰለት ተሟልቶ እስኪጸና ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። የምጀምርበት አሞኒያ ያስፈልገኝ ስለነበር ከገበያ የገዛሁትን ቁራጭ የቆሮሶ ዓሣ በወንፊት ከረጢት አድርጌ ጣልኩበት፣ ከጨው ጋር የመጣልኝን የባሕር ባክቴሪያ ጠርሙስም ጨመርኩ። ቆሮሶው በሰበሰ፣ አሞኒያው ወጣ። ሽታውንማ አታንሱት። አሁን አሞኒያው ወርዶ ናይትራይቱ ጫፍ ላይ ነው፣ መመርመሪያው ውሃ ደማቅ ወይን ጠጅ ሆኗል።

አከራዬ እትዬ በየቀኑ ብቅ ብለው ያዩታል። "ልጄ፣ ድንጋይ ነው እንዴ የምታረባው?" አሉኝ። ለጊዜው አዎ።

አለቀ የምለው 2 ሚሊግራም በሊትር የሚሆን አሞኒያ ጨምሬበት በ24 ሰዓት ውስጥ አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ሲሆኑ ነው። ከዚያ ቡናማ ሽፋን ድንጋዩን እንደሚያለብሰው ይጠበቃል። ዲያቶም የሚባል ረቂቅ አልጌ ነው፣ በአዲስ ገንዳ የተለመደ ነው፣ ራሱ ይሄዳል። ለዚያ ብላችሁ መድኃኒት አትግዙ።

ዓሣውን መርጫለሁ። ከባሕር ያልተያዙ፣ ገንዳ ውስጥ ተፈልፍለው ያደጉ ሁለት ክላውንፊሾች። ልጆች የሚወዱት ሰማያዊው ብሉ ታንግ እስከ 30 ሴንቲሜትር ስለሚያድግ ለ60 ሴንቲሜትር ገንዳ አይታሰብም። ከኮራል ለስላሳዎቹን አስቀድማለሁ። ድንጋያማዎቹ ኮራሎች ሳይትስ በሚባለው፣ ለመጥፋት የሚያሰጉ እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት ስር ስለሆኑ ድንበር ሲሻገሩ ወረቀት ያስፈልጋቸዋል። ሻጩ ወረቀቱን ካላሳየኝ አልገዛም። እናንተም አትግዙ።

ጉዞውንም አስቤበታለሁ። ዓሣው ኦክስጅን በተሞላ ላስቲክ፣ በአውሮፕላን እንጂ በአውቶቡስ አይመጣም። ላስቲኩ ሳይከፈት ገንዳው ላይ 20 ደቂቃ ያህል ይንሳፈፋል፣ ሙቀቱ እንዲመሳሰል። ከተከፈተ በኋላ ግን መጓተት የለም። በጉዞው ላስቲኩ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድም አሞኒያም ተጠራቅሟል። ሲከፈት ጋዙ ይወጣል፣ ፒኤቹ ይጨምራል (ማለትም የውሃው አሲድነት ይቀንሳል)፣ ያኔ ያው አሞኒያ መርዝነቱ ይብሳል። ስለዚህ ሻጩ ውሃውን በስንት የጨው ልክ እንደሚይዝ አስቀድሜ ጠይቄ የእኔን በዚያው ልክ አዘጋጃለሁ፣ ልዩነት ከሌለ ዓሣውን በመረብ አውጥቼ በቀጥታ አስገባዋለሁ። የላስቲኩ ውሃ ወደ ሽንት ቤት ነው።