ጥቁሩ እሳት

ነገሩ የጀመረው በአንዲት ተማሪዬ ጥያቄ ነው። እዚሁ ድሬ ፊዚክስ አስተምራለሁ። የዚያን ቀን ስለ አቶም የኃይል ደረጃዎች እያወራሁ ሳላስበው "ዛሬ ሳይንቲስቶች አንድ አቶም በየትኛው ኳንተም ሁኔታ፣ ማለትም በየትኛው ደረጃ ላይ እንዳለ በሌዘር ያነባሉ" አልኩ። ከኋላ እጅ ወጣ። "ቲቸር፣ እንዴት ነው የሚነበበው? ፊደል አለው እንዴ?"

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅሁ፤ መልስ ግን አልነበረኝም። "ነገ እናየዋለን" ብዬ አለፍኩ። ነገ የተባለው ሁለት ወር ፈጀ።

ሐሳቤ ቀላል ነበር። ጨው ውስጥ ሶዲየም አለ። ጨው እሳት ውስጥ ሲገባ የሶዲየም አቶሞች ነጻ ሆነው ይወጣሉ። ወጥ ገንፍሎ ምድጃው ላይ ሲፈስ እሳቱ ቢጫ የሚሆነው በዚህ ነው። ታዲያ በዚያ ነበልባል ውስጥ ሌዘር ባሳልፍ አቶሞቹ ብርሃኑን ይውጡታል፣ ግድግዳው ላይ ያለው ነጥብ ይደክማል፣ እኔም "ይኸው፣ ተነበበ" እላለሁ።

እዚሁ ድሬ ያለው ታይዋን ገበያ ሄጄ አረንጓዴ ሌዘር ገዛሁ። ሻጩ "አቦ ቲቸር፣ ድመት ልታጫውትበት ነው?" አለኝ። ከቀፊራ ገበያ ጨው፣ ከፋርማሲ ስፒሪት፣ ከቤት ጥጥ። በአንዲት ጠርሙስ የስፒሪት ኩራዝ ሠራሁና ጥጡን ጨው በጠገበ ውኃ ነከርኩት። ነጥቡ ከሚያርፍበት ቦታ ላይ ከተሰበረ የፀሐይ መብራት የወጣች ትንሽ ሶላር ለጠፍኩ። እሷን ከቴስተር (ከኤሌክትሪክ መለኪያ) ጋር አገናኘኋት፤ ብርሃኑ ሲደክም ቁጥሩ ይወርዳል።

ሥራው የሚሠራው በጨለማ ነው። ስለዚህ መስኮት ይዘጋል። ነበልባሉ እንዳይወዛወዝ ቬንትሌተሩም ይጠፋል። ድሬ ላይ መስኮት ዘግቶ፣ ቬንትሌተር አጥፍቶ፣ እሳት አንድዶ መቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ ለድሬ ሰው አልነግርም።

የመጀመሪያው ምሽት ተሳካልኝ ብዬ ጮህኩ። ሌዘሩ በነበልባሉ ሲያልፍ የቴስተሩ ቁጥር ወረደ! ግድግዳው ላይ ያለው ነጥብም ተርገበገበ። ለሚስቴ ጠርቼ አሳየኋት። እሷ ትንሽ አየችና "ጨው ሳይኖርስ?" አለችኝ። ጨው የሌለበት ጥጥ ቀየርኩ። ቁጥሩ እንደ ቅድሙ ወረደ። ለካ የትኩስ አየር ሥራ ነው። በጠራራ ፀሐይ ከአስፋልት ላይ የሚንቀለቀለው ዓይነት፤ ጨረሩን ወዲያና ወዲህ እያጣመመ ከሶላሯ ላይ ያወጣዋል። አቶም የሚባል ነገር አልነካሁም። ጨው የሌለበትን ሙከራ ቀድሜ ብሠራው ኖሮ ያን ሁሉ ጩኸት አልጮህም ነበር።

ያልተሳካበት ምክንያት ደብተሬ ላይ ነበር፣ አላየሁትም እንጂ። የአረንጓዴው ሌዘር የሞገድ ርዝመት፣ ማለትም የቀለሙ መለያ ቁጥር፣ 532 ናኖሜትር (የሜትር ቢሊዮንኛ) ነው። ሶዲየም ግን በዚህ አካባቢ የሚሰማው ሁለት ቁጥሮችን ብቻ ነው፦ 589.0 እና 589.6። ኤሌክትሮኑ ከታችኛው ደረጃ ወደ ላይኛው የሚዘለው የሁለቱን የኃይል ልዩነት በትክክል ሲያገኝ ነው። መሃል ላይ መቆሚያ የለም። የ532 ብርሃን በሶዲየም አጠገብ ሲያልፍ፣ በማያውቀው ስም እንደተጠራ ሰው አቶሙ ዘወር ብሎም አያይም። ቀዩም ሌዘር ያው ነው። እኔ ደግሞ ሌዘር ጠንካራ ስለሆነ ይበቃል ብዬ ነበር።

(በነገራችን ላይ ርካሽ አረንጓዴ ሌዘር ከምታዩት በላይ ይተፋል። ውስጡ ያለው መነሻ ብርሃን በዓይን የማይታየው 808 እና 1064 ናኖሜትር ነው፤ ማጣሪያ ከሌለው አብሮ ይወጣል። ልጆች እጅ ላይ ባይገባ ይሻላል።)

ለ589 የሚሆን ሌዘር እንዲህ በቀላሉ ከገበያ አይገኝም። የሚያናድደው፣ ሩቢዲየም የሚባለው አቶም የሚሰማው 780 ናኖሜትር ነው፤ የሲዲ ማጫወቻ ሌዘርም እዚያው አካባቢ ነው። ታይዋን የሲዲ ማጫወቻ ቁራጭ ሞልቷል። ግን ሩቢዲየም ከየት ይምጣ? ከቀፊራ አይገዛ።

አንድ ማታ ወደ ቤት ስሄድ መንገድ ዳር ቀና አልኩ። ቢጫው የመንገድ መብራት! ያ እኮ ሶዲየም ነው። የሶዲየምን ቀለም ከራሱ ከሶዲየም በላይ ማን ያውቃል? ከአንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ አሮጌ አምፖል ከነባላስቱ (ኤሌክትሪኩን ከሚቆጣጠርለት ዕቃ ጋር) አገኘሁ። ያገናኘልኝም እሱ ነው። ማስነሻው በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ስለሚተፋ እኔ አልነካሁትም፣ እናንተም አትንኩ።

አምፖሉን አበራሁ፣ እስኪሞቅ ጠበቅኩ፣ የጨው ነበልባሉን ፊቱ አቆምኩ። ምንም። ሦስት ምሽት ምንም። ነበልባሉ እዚያው ቢጫ ሆኖ ይነዳል፣ ከጀርባው ያለው ብርሃንም ዝም ብሎ ያልፋል።

በአራተኛው ምሽት መብራት ሄደ። ተናድጄ ግቢ ወጥቼ ከጎረቤት ጋር ተቀመጥኩ። ኩራዙን ረስቼው ነበር፤ እንዲህ ያለው ነገር ቤት ያቃጥላል፣ አትድገሙት። ከብዙ ቆይታ በኋላ የሰፈሩ ልጆች "መጣ!" ብለው ሲጮሁ ወደ ውስጥ ሮጥኩ። የቀዘቀዘው አምፖል እንደ አዲስ እየተነሳ ነው። መጀመሪያ ነጣ፣ ቀጥሎ ድፍን ያለ ቢጫ ሆነ። በዚያ ቢጫ ፊት የቆመው የጨው ነበልባል ጥቁር ነበር።

ጥቁር ስላችሁ ጥላ የመሰለ፣ ጥላሸት የተቀባ ምላስ የመሰለ ጥቁር። ይወዛወዛል፣ እሳት ነው፣ ግን ጠቁሯል። እዚያው ቆሜ ሳየው አምፖሉ እየሞቀ ሄደ፣ ጥቁሩም ቀስ በቀስ ሟሸሸ። ከዚያ ጠፋ።

ሲገባኝ ራሴን ያዝኩ። የመንገድ አምፖል ሲሞቅ ውስጡ ያለው ሶዲየም ይበዛል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ ብርሃኑም ወደ ብዙ ቀለም ይሰፋል። ይባስ ብሎ አምፖሉ ውስጥ ዳር ዳር ያለው ሶዲየም የራሱን 589 መልሶ ይውጠዋል። እኔ የምፈልገው ቀለም ብቻ ተለይቶ አይወጣም ማለት ነው። ገና ሲነሳ ግን ለአጭር ጊዜ ንጹሕ 589 ያበራል። ሦስት ምሽት "እስኪሞቅ" እያልኩ የምጠብቀው፣ የምፈልጋት ደቂቃ እስክታልፍ ነበር።

ለምን ጠቆረ? ነበልባሉ ውስጥ ያሉት አቶሞች ወደ ዓይኔ የሚመጣውን ብርሃን ይውጣሉ። አንዱ አቶም ሌላ ካልነካው ብርሃኑን ይዞ የሚቆየው 16 ናኖሰከንድ (የሰከንድ ቢሊዮንኛ) ያህል ነው። ከዚያ ይተፋዋል፣ ግን ወደፈለገው አቅጣጫ፤ እሳቱ ውስጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሳይተፋው ከሌላ ጋር ተጋጭቶ ሙቀት ያደርገዋል። ወደ እኔ የሚደርሰው ትንሽ ነው።

ተማሪዎቹን ስጠራ ይህ ንባብ ገና ሙሉ እንዳልሆነ አልደበቅኳቸውም። እኔ ያነበብኩት ብዙ አቶሞች በታችኛው ደረጃ ላይ መኖራቸውን ብቻ ነው። የሶዲየም ታችኛው ደረጃ ራሱ በጣም የተቀራረቡ ሁለት ሁኔታዎች አሉት። እነሱን መለየት በእኔ እሳት አይታሰብም። አቶሞቹ በሰከንድ ከአንድ ኪሎሜትር በላይ እየሮጡ ቀለሙን ያደበዝዙታል።

ትልልቆቹ ላቦራቶሪዎች አቶሙን ያስቆሙታል። አንድ የካልሲየም አዮን (ኤሌክትሮን የጎደለው አቶም) አየር በሌለበት ዕቃ ውስጥ በኤሌክትሪክ ወጥመድ ይያዛል። የ397 ናኖሜትር ሌዘር ይበራበታል። አዮኑ በታችኛው ሁኔታ ላይ ካለ ይውጣል፣ ይተፋል፣ ይውጣል፣ ይተፋል፤ በሰከንድ ሚሊዮኖች ጊዜ። ካሜራው ላይ አንዲት ነጥብ ትበራለች። ቀደም ብሎ በ729 ሌዘር ወደ ሌላው ደረጃ ወጥቶ ከነበረ ግን እዚያ አንድ ሰከንድ ያህል ይደበቃል፣ 397ቱንም አይሰማም። ነጥቧ አትበራም። ፊደሉ ይኸው ነው፦ በራ ወይም አልበራም። ሐሳቡን የፊዚክስ ሊቁ ሀንስ ዴመልት በፈረንጆቹ 1975 አቀረበ። በ1986 ሦስት ቡድኖች በተያዘ አዮን ላይ ይህን ብልጭታና መጥፋት አዩ።

ያቺው ልጅ አሁንም እጇን አወጣች። "ጨለማ ከሆነ፣ አቶሙ አምልጦስ ቢሆን?"

ይህንንም አላሰብኩትም ነበር። የዚያን ዕለት ማታ አንብቤ አገኘሁት። የ854 ናኖሜትር ሌዘር ያበሩና የተደበቀውን ያወርዱታል። ነጥቧ ተመልሳ ከበራች አዮኑ ነበረ ማለት ነው። በሳምንቱ ይህን ስነግራት "የእኛስ እሳት?" አለችኝ።

ጨው ያልነካው ጥጥ ሰጠኋት። አምፖሉን አጥፍተን እስኪቀዘቅዝ ቬንትሌተር ስር ተቀመጥን። ከዚያ ቬንትሌተሩ ጠፋ፣ አምፖሉ ተነሳ፣ ቢጫው መጣ። ነበልባሉ ፊቱ ቆሞ ምንም አልጠቆረም፤ መኖሩም አይታወቅ። ደቂቃዋ እየሄደች ነው። በቆርቆሮ ማንኪያ ጫፍ ላይ ጨው ያዘችና ቀስ ብላ ወደ እሳቱ አስጠጋች።

"መጣ!" ብላ ጮኸች።