አዋጁ ቤተሰብ አይልም

በ2012 መጋቢት መጨረሻ ላይ በኮሮና ምክንያት ባሕር ዳርና እንጅባራን ጨምሮ ጥቂት ከተሞች ሲዘጉ፣ እኛም እንጅባራ ቤታችን ውስጥ 14 ቀን ተከተትን። አምስት ሰው፣ ሁለት ክፍል፣ አንድ ቴሌቪዥን። በአሥረኛው ቀን ትንሹ ልጄ ለግድግዳው ስም አወጣለት። እኔም ያን ግድግዳ በስሙ መጥራት ስጀምር ነው ነገሩ ያሰጋኝ።

ፋሲካ አለፈ፣ ትምህርት ቤት እንደተዘጋ ነው። ልጆቹን ሰብስቤ ፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ገጠር እናቴ ጋ ይዣቸው ሄድኩ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ፣ ተሳፋሪው ግማሽ፣ ታሪፉ እጥፍ የነበረበት ጊዜ ነው። ያን ቀን የከፈልኩትን ባለቤቴ ዛሬም ድረስ ታነሳብኛለች።

ገና ከመግባታችን ልጆቹ "እዚህ ዋይፋይ የለም እንዴ?" አሉ። ደሜ ፈላ። "እኔ በእናንተ ዕድሜ ይሄን አገር ዓይኔን ጨፍኜ ነበር የምዞረው! ነገ የእግር መንገዱን አንድ በአንድ አሳያችኋለሁ" ብዬ ፎከርኩ። እናቴ ከምድጃው ቀና ብላ አየችኝ። "ሁሉ ዲከረንስ ሆኗል እኮ ልጄ፣ መንገድ የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ ሂዱ።"

እኔ? ተወልጄ ባደግኩበት መንገድ መሪ ልያዝ?

ዲከረንስን ለማታውቁ፣ ከውጭ የመጣ የግራር ዘመድ ነው። የእኛ አካባቢ ገበሬ ችግኙን ተርታ ለተርታ ጥቅጥቅ አድርጎ ይተክለዋል፣ በአራት በአምስት ዓመቱ ቆርጦ ከሰል ያከስለዋል፣ ከዚያ መሬቱን አርሶ ጤፍ ይዘራና እንደገና ይተክላል። ገንዘብ ነው፣ አልቃወምም። ችግሩ፣ እርሻ የነበረው ጫካ ይሆናል፣ ጫካ የነበረው ደግሞ እርሻ። እኔ በጭንቅላቴ የያዝኩት ካርታ የ20 ዓመት ነው።

በማግስቱ ወጣን። ገና መንታ መንገዱ ላይ ስንደርስ አንድ ሚሊሻ ጠመንጃውን አንግቶ፣ ማስኩን አገጩ ላይ አድርጎ አስቆመን።

"ስንት ናችሁ?"

"አምስት።"

"ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ክልክል ነው።"

"አያ፣ ቤተሰብ እኮ ነን! አንድ ቤት ነው የምናድረው!"

"አዋጁ ቤተሰብ አይልም።"

ብለምን፣ ብከራከር፣ ወይ ፍንክች። በመጨረሻ እኛው ለሁለት ተከፈልን። ባለቤቴ ትልቋን ልጅ ይዛ በግራ፣ እኔ ሁለቱን ወንዶች ይዤ በቀኝ፣ ወንዙ ጋ ልንገናኝ። ባለቤቴ አዲስ አበባ ነው ያደገችው። አሳዘነችኝ። "ከጠፋሽ ቁሚና ጩሂ፣ እደርስልሻለሁ" አልኳት።

ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ጠፋሁ።

ዲከረንስ ውስጥ ግራና ቀኝ የለም። ሁሉም ዛፍ እኩል፣ ሁሉም ተርታ አንድ ዓይነት። ትንሹን እሽኮኮ አድርጌ፣ የስምንት ዓመቱን በእጄ ጎትቼ ስሄድ ጭስ ሸተተኝ። አንድ ሰው ከሰል እያከሰለ ነው። አፈር የለበሰው ክምር በየስንጥቁ ጭስ ይተፋል፣ ሰውዬው ከዓይኑ በቀር ሙሉ በሙሉ ጥቁር ነው። አጠገቡ ቅርንጫፍ ላይ ግን አንዲት ነጭ ማስክ ተሰቅላለች፣ ጠብታ ቆሻሻ የላትም። ሲያየን በጥንቃቄ አወረዳትና በዚያ በጠቆረ እጁ አጠለቃት። "እንዴት ዋላችሁ?" አለን።

ሰላምታ ሰጥተን አለፍን። ትንሽ ቆይቶ ያው ክምር፣ ያው ሰውዬ።

"ደግሞ መጣችሁ?"

ለሦስተኛ ጊዜ ስንደርስ ማስኩን አድርጎ ቆሞ ነው የጠበቀን። "ወንድሜ፣ ጠፍታችሁ ነው ወይስ ከሰሌን ልትሰርቁ?"

ይሄኔ ልጄ ቀና ብሎ አየኝና ከልቡ፣ ሊረዳኝ ፈልጎ፣ "አባዬ፣ እስቲ ዓይንህን ጨፍነህ ሞክር" አለኝ።

ባለቤቴ ጋ ደወልኩ። ያኔ ስልኩ መጥራቱን ትቶ ስለ ኮሮና ይመክር የለ? "እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ" እያለ እጄን አየሁት። የከሰል ማዳበሪያ ስደገፍ ኖሬ ጠቁሯል። ምክሩ ሳያልቅ ባትሪዬ አለቀ።

ሰውዬው አዘነልንና እጁን አፉ ላይ አድርጎ ወደ ማዶ ተጣራ። ማን ከተፍ ቢል ጥሩ ነው? ሚሊሻው። እኔን አላየኝም፣ መጀመሪያ ቆጠረን። "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ከእኔ ጋር አራት። ደግ፣ ሕጋዊ ነን፣ ተከተሉኝ።"

የእናቴ ቤት ለካ ከዚያ ተክል ጀርባ ነበር። አሥር ደቂቃም አይሞላም።

ባለቤቴና ልጄ እግራቸውን ታጥበው ቡና ላይ ተቀምጠዋል፣ ሁለተኛው ሊቀዳ ነው። ወንዙን አይተው፣ እኛን ጠብቀው ሲሰለቻቸው አንዲት ጥጃ ጠባቂ ልጅ ጠይቀው ተመልሰዋል። ባለቤቴ ከላይ እስከ ታች አየችኝና "ቆሜ ልጮህልህ ነበር" አለች። እናቴ ምንም አላለችም፣ ውኃ አቀረበችልኝ። ይሄ ዝምታዋ ከንግግሯ ይብሳል።

ሚሊሻው ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ቁጭ አለ። እኔ ደግሞ የጠዋቱ ነገር አልወጣልኝም። ቆጠርኩ።

"አያ፣ ሰባት ሆንን እኮ።"

ስኒውን ተቀበለ። ፉት አለ። አጣጣመ።

"አዋጁ ስለ ቡና የሚለው ነገር የለም።"