ፍሬን የረገጠው ማነው?

መኪናዬ «ፍሬን ተረግጧል» እያለች ነው። እኔ ሦስተኛ ፎቅ መስኮት ላይ ቆሜያለሁ፤ በፒጃማ፣ በካልሲ፣ ሪሞት በእጄ። እሷ ታች በረዶ ውስጥ ብቻዋን ናት። አራቱም በሮች ተቆልፈዋል። ታዲያ ማን ነው የረገጠው?

የምኖረው ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ነው። ብርዱን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ከባድ ነው። በ2019 ጃንዋሪ 30 ቀን ሚኒያፖሊስ ከዜሮ በታች 28 ፋራናይት ገብቶ ነበር፤ በኛ በለመድነው በሴልሺየስ ከዜሮ በታች 33 መሆኑ ነው። ፖስታ ቤቱ እንኳ ደብዳቤ ማደል አቆመ። እኔ ሥራ ገባሁ። የምሠራው አረጋውያን መንከባከቢያ ነው፤ ብርድ ነው ተብሎ የሽማግሌ ቁርስ አይዘለልም።

እንዲህ ባለ ጠዋት መኪና ውስጥ መግባት ፍሪጅ ውስጥ ገብቶ በር እንደመዝጋት ነው። ተሳሳትኩ። ፍሪጅ ይሞቃል። ወንበሩ ድንጋይ ነው፣ መሪው ያቃጥላል፣ መስታወቱን ስትፍቅ ጣትህ የራስህ መሆኑን ትጠራጠራለህ። መኪናውን ከነቁልፉ አስነስቶ ቤት ገብቶ ሻይ መጠጣት ደግሞ ለሌባ «ሞቆልሃል፣ ውሰደው» ማለት ነው። ስለዚህ ዘንድሮ ሪሞት ስታርተር ላስገጥም ወሰንኩ። ከአልጋዬ ሳልርቅ ቁልፍ እጫናለሁ፣ መኪናዋ ታች ትነሳለች፣ 15 ደቂቃ ትሞቃለች፣ እኔ እንደ ሚኒስትር ወርጄ እገባለሁ። ሐሳቡ ይሄ ነበር።

ሱቆቹ 500 ዶላር አሉ። አንድ ጓደኛዬ ቤቱ ጋራዥ ውስጥ የሚገጥም ልጅ ጠቆመኝ። «ላንተ 220» አለኝ ልጁ። «ላንተ» የምትለዋን ቃል ስሰማ መሮጥ ነበረብኝ። አልሮጥኩም።

ኦክቶበር ነበር፣ ፀሐይ አለ፣ ቅጠሉ ያምራል። ልጁ የ2009 ካምሪዬን ክሩስኮት (ዳሽቦርዱን) ከስሩ ሲፈታው የወጣው ሽቦ ለበዓል የታረደ በግ አንጀት ይመስል ነበር። እየሠራም ያስረዳኛል። ይቺ ትንሽ ሳጥን ቁልፉ ውስጥ ያለውን ቺፕ ተክታ መኪናዋን ታታልላለች። ይቺ ደግሞ ኮፈኑ ስር የምትገባ ማብሪያ ናት፤ ሰው ኮፈን ከፍቶ እጁን ሞተር ውስጥ ሳለ መኪናው እንዳይነሳበት። ልጁ ነገሩን ያውቀዋል፤ አላውቅም ብሎ ቢሆን ኖሮ ይሻለን ነበር።

ሪሞቱን ተጫነ። ከርርር... ተነሳች! አጨበጨብኩ። ሹፌር በሌለበት መኪና ሲነሳ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። አጠፋትና «አንዲት ሽቦ ቀርታለች፣ ሁለት ደቂቃ» አለኝ። እግሩን ውጭ ትቶ በደረቱ ገባ። በሹፌሩ በር ደፍ ላይ ያለውን ፕላስቲክ ነቅሎ ሽቦዋን በሰማያዊ ማያያዣ ጠቅ አደረጋት። ፕላስቲኩን መለሰ። «አለቀ ወንድሜ።» ብር ከፈልኩ፣ ተቃቀፍን፣ ሄድኩ።

እንደገና አልሞከርናትም። ይቺን ነገር ያዙልኝ።

ያን ሰሞን ገና አልበረደም፣ ሪሞቱ መሳቢያ ውስጥ ተቀመጠ። ዲሴምበር ሲገባ አንድ ጠዋት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሳሁ። ውጭ ከዜሮ በታች 11 ፋራናይት፣ ማለትም ከዜሮ በታች 24 ሴልሺየስ። ባለቤቴን ቀሰቀስኳት። «ነይ እዪ፣ ታሪክ ሊሠራ ነው።» መስኮቱ ጋ ቆምን። ተጫንኩ።

መኪናዋ ተነሳች። መብራቷ በራ። ጠፋች።

ሦስት ሰከንድ ቢሆን ነው። ከዚያ መብራቷ ብልጭ፣ ብልጭ፣ ብልጭ፣ ብልጭ፣ ብልጭ አለ። ደግሜ ተጫንኩ፤ ያው። ባለቤቴ ታሪኩን አይታ ወደ አልጋዋ ተመለሰች።

ብልጭታው ቋንቋ ነው ለካ። መሣሪያው እምቢ ሲል ምክንያቱን በብልጭታ ቁጥር ይናገራል። ቁጥሩ እንደየመሣሪያው ይለያያል፤ የኔን ወረቀት ስፈልግ የባለቤቴ ቅመም መደርደሪያ ላይ የበርበሬ ማሰሮ ስር ተነጥፎ አገኘሁት። አምስት ጊዜ ብልጭ ካለ፦ የእግር ፍሬን ተረግጧል።

ወርጄ አየሁ። ማንም የለም። ፍሬኑ ስር ምንጣፍ ተሰንቅሮ ይሆን ብዬ ጎነበስኩ፤ የተሰነቀረ የለም። ፔዳሉን በእጄ ወደላይ ሳብኩት፤ ቦታው ላይ ነው። የሪሞቱን ባትሪ ቀየርኩ። ኮፈኑን ከፍቼ በደንብ ዘጋሁት፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ወንድ ልጅ መኪና ሲበላሽበት ኮፈን ይከፍታል። ተመልሼ ወጥቼ ተጫንኩ። ተነሳች፣ ከኋላዋ ቀይ መብራት ቦግ አለ፣ ጠፋች። አምስት ብልጭታ።

ልጁ ጋ ደወልኩ። «ብርዱ ነው ወንድሜ፣ ሽቦው ይጨማደዳል፣ ይለምዳል» አለኝ። ሽቦ ብርድ ሲለምድ ስንት ዓመት እንደሚፈጅበት አልነገረኝም። በሦስተኛው ቀን ስደውል ስልኩ አይነሳም። የኔ መኪና ቢያንስ ለሦስት ሰከንድ ትነሳለች።

እሁድ ከእናቴ ጋር በቪዲዮ ስናወራ ፊቴን አይታ ምን ሆነሃል አለችኝ። ነገርኳት።

«ቆይ፣ ሰው ሳይኖርበት ይነሳል?»

«አዎ እማዬ።»

«ሲነሳ አንተ ቆመህ ታያለህ?»

«ራሴ ነኝ እኮ የማስነሳው።»

«ከዚያ ፍሬን ይረግጣል?»

«እሱ ነው ያስቸገረኝ።»

ዝም አለች። አዲስ አበባ ያለው ጎረቤት ውሻ ሲጮህ ይሰማኛል።

«ልጄ» አለች በቀስታ፣ «ሌላ ሰው አለበት።»

ሳቅኩ። ባለቤቴ ግን አልሳቀችም። ከቀዩ መብራት ጋር አገናኝታው ነው። እውነቷን ነው፣ ፍሬን ሲረገጥ ከኋላ ቀይ ይበራል፤ ሁለታችንም በዓይናችን አይተናል። እኔ ራሴ ማታ ላይ መኪናዋን በመስኮት ሰረቅ አድርጌ ማየት ጀመርኩ። የሹፌሩ ወንበር ላይ ጥላ ያለ ይመስላል። ጃኬቴ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሥራ ልሄድ ስወርድ የሹፌሩ በር አልከፈት አለኝ። ሳብኩ፣ ገፋሁ፣ በትከሻዬ መታሁ። በባትሪ ሳበራበት በሩ ዙሪያውን በመስታወት በመሰለ በረዶ ተለስኗል። ሌላው በር ደህና ነው። ጣሪያው ደህና ነው። የሹፌሩ በር ብቻ። ለባለቤቴ ደወልኩ።

«ማታ እዚህ ነገር አፍስሰሻል?»

«ትንሽ ነው የረጨሁት» አለች።

እናቴ ከእንጦጦ ማርያም የላከችው ጠበል ነው፤ በሃይላንድ ጠርሙስ መጥቶ በዓመት አንዴ የምንቀምሰው። ግማሹን በሩ ላይ አፍስሳዋለች። ጠበል ከዜሮ በታች 24 ላይ በረዶ ይሆናል ወይ ለምትሉ፣ ይሆናል። በደንብ ይሆናል። በተሳፋሪው በር ገብቼ፣ ካምቢዮውን ተሻግሬ፣ ሱሪዬን ቀድጄ ሥራ ሄድኩ። ያደረ ሰይጣን ካለም በሩ ስለተዘጋበት መውጫ የለውም፤ አብረን ነው የሄድነው።

በሚቀጥለው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ አንድ ወዳጄ ቤት ቡና ተጠርተን ነበር። ጉዳዩን ባላነሳው ጥሩ ነበር። አበሻ ተሰብስቦ የመኪና ብልሽት ከሰማ ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ 11 መካኒክ ይወጣዋል። ባትሪው ነው አለ አንዱ። ቺፑ ነው። ሞተሪኖው ነው። ሽጠው። አንዱ ደግሞ የአጎቱን ልጅ መኪና ታሪክ ጀመረ፤ እስካሁን የጨረሰው አይመስለኝም።

ጥግ ላይ የተቀመጡት ጋሼ ብቻ ዝም ብለዋል። አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ አካባቢ፣ ከ30 ዓመት በላይ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነበሩ፤ አሁን የልጅ ልጅ ሊጠብቁ መጥተው ነው። ስኒያቸውን አስቀመጡ።

«መኪናዋን አሳየኝ።»

ወጣን። ጃኬታቸውን እንኳ አልቆለፉም። ተጫንኩ፤ ተነሳች፣ በራች፣ ጠፋች።

«ድገመው።» ደገምኩ። «አሁንም።»

«ልብ አልክ? መብራቱ ነው ወይስ መጥፋቱ ነው የሚቀድመው?»

«መብራቱ ነው ጋሼ።»

«እንግዲያው መብራቱን ከልክላት።»

ከክሩስኮቱ ስር ያለውን የፊውዝ ሳጥን ከፍተን የኋላ መብራቱን፣ «ቴይል» የሚለውን 10 አምፔር ፊውዝ ነቀሉ። በል ተጫን አሉኝ። ተጫንኩ። ተነሳች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት... አሥር... አልጠፋችም! መኪና ስታጓራ በደስታ ዘልዬ አላውቅም፣ ያን ቀን ዘለልኩ። በረዶ ላይ መሆኑን ረስቼ ነበር፤ ጋሼ ናቸው ያነሱኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሪሞት ስታርተር ሲሠራ ፍሬን ከተረገጠ ወዲያው ማጥፋት አለበት። አንድ ሌባ መስታወት ሰብሮ ገብቶ ካምቢዮ ሊያስገባ ፍሬን ሲረግጥ ሞተሩ እንዲጠፋበት ነው። ለዚህ አንዲት ሽቦ ከፍሬኑ መብራት መስመር ጋር ትገናኛለች። ያ ልጅ ግን በበሩ ደፍ ስር ወደ ኋላ ከሚሄዱት ሽቦዎች መሐል የፍሬኑን ትቶ የተራውን የኋላ መብራት ነው የያዘው። መሣሪያው ሞተሩን ሲያስነሳ ፓርኪንግ መብራቱንም ያበራል፤ የኋላው መብራትም አብሮ ይበራል። መብራቱ ሲበራ ኤሌክትሪኩ በዚያች ሽቦ ይመለስና «ፍሬን ተረገጠ!» ይላል። ራሷ አብርታ ራሷ ትደነግጣለች። ጋራዡ ውስጥ ስትሞከር የሠራችው ያቺ ሽቦ ገና ስላልተገናኘች ነው።

«ቅዳሜ ዕቃዬን ይዤ እመጣለሁ፣ ፊውዙን መልሰው» አሉኝ። እሺ አልኩ። ኪሴ ከተትኩት።

ሰኞ ጠዋት የሕይወቴ ምርጥ 15 ደቂቃ ነበር። ሻዬን ጠጥቼ ወረድኩ። መስታወቱ ቀልጧል፣ ወንበሩ ለብ ብሏል። እዚህ በዚያ ሰሞን ፀሐይ የምትወጣው ወደ 2 ሰዓት ገደማ ነው፤ ድቅድቅ ጨለማ ነው። ሀይዌይ 94 ላይ እንደገባሁ ሰማያዊና ቀይ መብራት ከኋላዬ መጣ።

ፖሊሱ መጣና የኋላ መብራት እንደሌለህ ታውቃለህ ወይ አለኝ። ያኔ ነው ትዝ ያለኝ።

«አውቃለሁ» አልኩ። ለፖሊስ የማይሰጥ መልስ ነው። «ፊውዙን ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«መኪናዋ መብራቷን ስታይ ፍሬን ይመስላታል።»

ለረጅም ጊዜ አየኝ። የእጅ ባትሪውን ፊቴ ላይ፣ ከዚያ የኋላው ወንበር ላይ፣ ከዚያ የተቀደደው ሱሪዬ ላይ አበራ። ያው ሱሪ ነው፣ አልሰፋሁትም። ፊውዙን ከኪሴ አውጥቼ ሳሳየው አሁን መልሰው አለኝ። ጣቴ ደንዝዞ ሁለቴ ጣልኩት። በሁለተኛው ሰውዬው ራሱ ጎንበስ ብሎ ባትሪውን ያዘልኝ። ማስጠንቀቂያ ብቻ ሰጥቶ ለቀቀኝ። እሱም እንደኔ ቶሎ ወደ ሞቀው መኪናው መመለስ የፈለገ ይመስለኛል።

ቅዳሜ ጋሼ በፌስታል መሞከሪያ አምፖል፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳና ናስትሮ ይዘው መጡ። ጣሊያን ሀገራችንን ለቆ ሲወጣ ጋራዡን ረስቶት ነው የሄደው። የአምፖሉን አንድ ጫፍ ማሳ ላይ፣ ማለትም የመኪናዋ ባዶ ብረት ላይ አሰሩ፣ ሹሉን ልጁ በያዘው ሽቦ ላይ ወጉ። «ፍሬን ርገጥ።» ረገጥኩ፤ ጨለማ። «መብራት አብራ።» አበራሁ፤ አምፖሏ ቦግ። ከዚያ ሹሉን ከፔዳሉ በላይ ወዳለው ማብሪያ ወሰዱት። ስረግጥ ቦግ፣ ስለቅ ድርግም። ስረግጥ ቦግ፣ ስለቅ ድርግም።

«ፍሬን ማለት ይሄ ነው» አሉ።

ሰማያዊውን ማያያዣ በፒንሳ ነቅለው በሁለት ጣታቸው ይዘው አዩት፤ የሞተ በረሮ የያዙ ይመስል። ሽቦዋን ገፈው፣ ጠምዝዘው፣ በዩደው፣ በናስትሮ ጠቀለሏት። ብር ሳቀርብ ተቆጡኝ። ክትፎ ግን አልተቆጡም።

ማታ ለእናቴ ደወልኩ። ተሠራች አልኳት፤ ሽቦው ነበር፣ የኋላ መብራቱ ከፍሬኑ ጋር ተምታቶ ነው፣ አንድ ኤሌክትሪሺያን...

«ጠበሉን ረጭታችሁ ነበር?» አለች።

«ባለቤቴ ረጭታ ነበር፣ ግን...»

«እሰይ» አለች፣ «ተመስገን።» እና ወደ ሽንኩርት ዋጋ አለፈች።