«ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል» ብዬ የፈረምኩበት ቃለ ጉባኤ

በዩኒቨርሲቲያችን የተማሪዎች ኅብረት ውስጥ ለአንድ ዓመት በጸሐፊነት አገልግያለሁ። ይህን የምጽፈው ለመመረጥ ለሚዘጋጁ ተማሪዎች ነው፤ እኔን አስቀድሞ ያስጠነቀቀኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ከብዙ እፍረት እድን ነበር። ስለ ምርጫው ብዙ የምለው የለም፤ የድጋፍ ፊርማ አሰባሰብኩ፣ በየክፍሉ እየዞርኩ ራሴን አስተዋወቅኩ፣ ተመረጥኩ። ርክክቡም ግማሽ ቀን አልፈጀም። ለአዲስ ተመራጮች የተሰጠው የሁለት ቀን የአመራር ሥልጠና ግን እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ሁለት ቀን ሙሉ ስለ ራዕይና ስለ አርአያነት ሲነገረን ውሎ፣ ቃለ ጉባኤ እንዴት እንደሚያዝ፣ ምልዓተ ጉባኤ (ስብሰባ ውሳኔ ለማሳለፍ ቢያንስ ሊገኝለት የሚገባው የሰው ቁጥር) ሳይሟላ ሲቀር ምን እንደሚደረግ፣ ድምፅ በማን ፊት እንደሚቆጠር አንድም ቃል ሳንሰማ የምስክር ወረቀት ተቀብለን ወጣን።

የያዝነው ጉዳይ ቀላል ይመስል ነበር። ቤተ መጻሕፍቱ በፈተና ወቅት እንኳ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ስለሚዘጋ፣ እስከ እኩለ ሌሊት ክፍት እንዲሆን ተማሪው ይጠይቅ ነበር። ከ600 በላይ ፊርማ አሰባስበን ለተማሪዎች ጉዳይ ኃላፊው አቀረብን፤ እርሳቸውም «ፊርማ አቤቱታ ነው እንጂ ውሳኔ አይደለም፤ የጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔ ይዛችሁ ኑ» ብለው መለሱን። ያን ጊዜ ተናድጄ ነበር፤ በዚህች ነጥብ ላይ ግን ትክክል እንደነበሩ አሁን አምናለሁ።

መተዳደሪያ ደንባችን ለጠቅላላ ጉባኤ ከተመዘገቡት ተማሪዎች ሩቡ እንዲገኝ ያዛል። እኛ 3,600 ነበርንና 900 ሰው ያስፈልገን ነበር። ደንቡ ጥሪው ከሰባት ቀን በፊት በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ ይላል፤ ለጠፍን። በቴሌግራም ቡድናችንም አስታወቅን፤ በአንድ ምሽት ከ700 በላይ የአውራ ጣት ምልክት ተደረደረልን። እኔም ያን ሁሉ አውራ ጣት እንደ መጪ ሰው ቆጠርኩት። ማስታወቂያ ሰሌዳን በተመለከተ ደንቡ ምንም ይበል ምን፣ ከዓመት አገልግሎት በኋላ የምመሰክረው ሰሌዳውን ቆመው የሚያነቡት ራሳቸው ማስታወቂያ የለጠፉት ሰዎች መሆናቸውን ነው።

በስብሰባው ዕለት አዳራሹን ከመድረኩ ግራ ጀምሬ በየረድፉ ቆጠርኩ፤ 412 ሆነ። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ከኋላ ወደ ፊት ደገምኩት፤ 409 ሆነ፤ በመካከሉ ሦስት ሰዎች ወጥተው ነበር። የድምፅ ማጉያውን የሚያስተካክለውን ሠራተኛ እንኳ ጨምሬ ልቆጥር ትንሽ ነበር የቀረኝ። አንድ ሰዓት ጠበቅን። በጠበቅን ቁጥር ሰው መምጣቱ ቀርቶ የመጣውም በአንድ በር እየሾለከ መሄድ ጀመረ። ፕሬዚዳንታችን ማይክሮፎኑን በእጁ ሸፍኖ ወደ እኔ ዞሮ «ምን ይሻላል?» አለኝ። በዚያ ቅጽበት ትዝ ያለኝ ኃላፊው ከሁለት ቀን በፊት በኮሪደር ላይ እየሄዱ የነገሩኝ ነገር ነበር፦ «ወረቀቱ ብቻ በደንቡ መሠረት ይጻፍ፤ ስንት ሰው እንደነበረ ቆሞ የሚቆጥር የለም።» «እንቀጥል» አልኩት። እጅ ተነሣ፣ ተጨበጨበ፣ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

ሌሊቱን ቃለ ጉባኤውን ስጽፍ «ቁጥራቸው» ከሚለው ቃል በኋላ ክፍት ቦታ ትቼ ብዙ ቆየሁ። በመጨረሻ ቁጥር በማስገባት ፈንታ «በርካታ ተማሪዎች በተገኙበት» ብዬ ጻፍኩና «ምልዓተ ጉባኤው በመሟላቱ» የሚል ሐረግ አስከትዬ ፈረምኩ። ማኅተሙንም ያሳረፍኩት እኔው ነኝ። ማንም አላስገደደኝም፤ የኮሪደሩን ምክር ሰበብ ለማድረግ የሞከርኩባቸው ወራት ነበሩ፣ አሁን ግን እንደዚያ ማለቱን ትቻለሁ።

የሚቆጥር ግን ነበረ። አንዲት የአንደኛ ዓመት ተማሪ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ እንደ እኔው ቆጥራለች፤ የተለጠፈውን ውሳኔ ካነበበች በኋላ ወደ ቢሮአችን መጥታ የተሰብሳቢዎችን የስም ዝርዝር ማየት እንደምትፈልግ በትሕትና ጠየቀች። «ነገ ነይ» አልኳት። በማግሥቱም መጣች፤ እንደገና «ነገ» አልኳት። በሦስተኛው ቀን ሦስት መስመር ደብዳቤ ጽፋ መዝገብ ቤት አስገባች።

ኃላፊው አስጠሩን። መነጽራቸውን አድርገው ቃለ ጉባኤውን ከራስጌ እስከ ግርጌ ጮክ ብለው አነበቡና «ይህን የጻፈው ማን ነው?» አሉ። በኮሪደር ላይ ያን ምክር የሰጡኝ ያው ሰው፣ በዚያው ድምፅ! የኮሪደር ንግግር ምስክር የለውምና ዝም አልኩ። ውሳኔው ተሻረ፤ ጥያቄያችን ወደሚቀጥለው መንፈቅ ተላለፈ፤ ለእኔም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። ከዚህ ሁሉ የከበደኝ ግን የማደሪያው ነገር ነበር። ጓደኞቼ «ምልዓት» የሚል ቅጽል ስም አወጡልኝ፤ ሁለት ሆነን ምግብ አዳራሽ ስንገባ አንዱ ተነሥቶ «ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል!» ይልና ሁሉም ይስቃል። ሳቁ ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ ግን ኅብረቱ ስብሰባ ሲጠራ «እኛ ብንቀርም ትሞሉታላችሁ» የሚለው መልስ ቶሎ አላለፈም።

በዚያ ዕለት ማድረግ የነበረብኝን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። አሜሪካዊው የጦር መሐንዲስ ሄንሪ ማርቲን ሮበርት አንድ ስብሰባ እንዲመራ ተጠይቆ ነገሩ ስለተበላሸበት የስብሰባ ሥነ ሥርዓት ማጥናት ጀመረ፤ ያዘጋጀውንም ደንብ እ.ኤ.አ. በ1876 አሳተመ። (ከስብሰባ ውርደት እንዲህ ያለ ሥራ የሚወጣለት ሰው መኖሩ ያጽናናል።) በዚያ ደንብ መሠረት ምልዓተ ጉባኤ ያላሟላ ስብሰባ ማድረግ የሚችለው ጥቂት ነገር ነው፦ የሚቀጥለውን ስብሰባ ጊዜ መወሰን፣ ዕረፍት መውጣት፣ የጎደለውን ሰው ለማስመጣት መሞከር ወይም መበተን። «409 ተገኝተናል፤ 491 ጎድሎናል፤ በዚህ ቀን እንደገና እንገናኛለን» ብዬ ጽፌ ብፈርም ኖሮ ማንም አይስቅብኝም ነበር።

ኃላፊው ነገሩን እንድናዳፍነው፣ «የኅብረቱን ክብር እንድንጠብቅ» መከሩን። እኔ የምመክረው የዚህን ተቃራኒ ነው። ስህተቱን በስሜ፣ ከትክክለኛው ቁጥር ጋር ጽፌ ለጠፍኩ፤ ሰሌዳው በዚያ ሳምንት ብቻ በርካታ አንባቢ አገኘ። የኅብረታችንን መተዳደሪያ ደንብ ከመጀመሪያው አንቀጽ ጀምሬ ሳነብም፣ አንድ ጉዳይ በአዳራሽ ሳይሆን በኮሮጆ ለሁለት ቀን በሚሰጥ ድምፅ ሊወሰን እንደሚችል፣ ሩብ ተማሪ ድምፅ ከሰጠ እንደሚጸና የሚገልጽ አንቀጽ አገኘሁ። ጸሐፊ ሆኜ አራት ወር ሙሉ አላነበብኩትም ነበር።

ቅስቀሳውንም ቀየርነው። እ.ኤ.አ. በ1998 አለን ገርበርና ዶናልድ ግሪን የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካዋ ኒው ሄቨን ከተማ 30,000 በሚደርሱ መራጮች ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ በር አንኳኩቶ ፊት ለፊት መቀስቀስ የመራጩን ቁጥር በግልጽ ሲጨምር፣ በፖስታ የተላከ ጥሪ ጥቂት ብቻ ጨምሯል፤ የስልክ ጥሪ ግን ለውጥ አላመጣም። እኛም ቴሌግራሙን ትተን ለእያንዳንዱ የማደሪያ ፎቅ አንድ በጎ ፈቃደኛ መደብን፤ ፈቃደኛው የሚያንኳኳው ራሱ በሚኖርበት ፎቅ ብቻ ነበር። «ምረጡ» ብቻ ማለት ዋጋ የለውም፤ «መቼ ትመጣለህ? ከክፍል በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ብሎ መጠየቅ ግን ሰውን ያሳስበዋል። እኔ በምኖርበት ፎቅ አንዱ በሩን ገርበብ አድርጎ «ምልዓት፣ ዛሬ ደግሞ ስንት ሆነን ልትጽፈን ነው?» አለኝ። ቆጠራውን ማን እንደሚታዘብ ስነግረው ግን መጣ።

ታዛቢዋ ያቺ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነበረች። ስጠይቃት ወዲያው አልተቀበለችም፤ የመራጩ ቁጥር በየሰዓቱ እንዲለጠፍ፣ ኮሮጆው ሌሊቱን ሁለት ቁልፍ ተቆልፎበት አንዱ እርሷ ዘንድ እንዲያድር ጠየቀች። ከኮሚቴያችን ሁለቱ «ተደፈርን» ብለው አኮረፉ። እኔ ለማኩረፍ መብት እንዳልነበረኝ ግልጽ ነው።

በሁለቱ ቀን 961 ተማሪ ድምፅ ሰጠ፤ 117ቱ ተቃወሙ። ተቃዋሚዎቹ ቢቀሩ ኖሮ 844 ብቻ ሆነን እንወድቅ ነበር። የተሳትፎ ገደብ ያለበት ድምፅ እንዲህ ያለ ቀዳዳ አለው፤ በጣሊያን እ.ኤ.አ. በ2005 በሰው ሠራሽ የመራቢያ ሕክምና ሕግ ላይ ሕዝበ ውሳኔ ሲጠራ፣ ከለውጡ ተቃዋሚዎች ብዙዎቹ «አትምረጡ፣ ቤት ቆዩ» ብለው ስለቀሰቀሱ ተሳትፎው ከሩብ ብዙም ሳይዘል ከሚፈለገው ግማሽ በታች ቀርቶ ውጤቱ ከሽፏል። የእኛዎቹ ግን መጥተው ተቃወሙ።

ለምን እንደተቃወሙ መጠየቅ የጀመርኩት ታዛቢያችን ቆጠራው ካለቀ በኋላ «እኔም ተቃውሜያለሁ» ስላለችኝ ነው። ከቤተ መጻሕፍቱ ወደ ሴቶች ማደሪያ የሚወስደው መንገድ መብራት የለውም፤ እኩለ ሌሊት ላይ እንዴት ይኬዳል? ያን ሁሉ ፊርማ ስናሰባስብ ይህን የነገረን ሰው አልነበረም፤ ፊርማ «አዎ» የሚል ቦታ ብቻ ነው ያለው። ከውሳኔው ጋር የመንገድ መብራትና የጥበቃ ጥያቄ አባሪ አድርገን፣ ቃለ ጉባኤውን በቁጥር ጽፌ፣ እርሷም በታዛቢነት ፈርማ አስገባን።

የፈቃድ ደብዳቤው ለፈተናው ማብቂያ ሦስት ቀን ሲቀር ደረሰ፤ ከመዝገብ ቤት ወደ ቢሮ፣ ከቢሮ ወደ ምክትል፣ ከምክትል ወደ መዝገብ ቤት ሲመላለስ ከረመ። በእነዚያ ሦስት ሌሊቶች ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ገብቼ ስቆጥር (ልማድ ሆኖብኛል) 140፣ 163፣ 151 ሰው አገኘሁ። መብራቱ የተተከለው በሚቀጥለው መንፈቅ ነው። ለተተኪዬ መዝገቡን ሳስረክብ የዚያች ሌሊት ገጽ ላይ ቆም ብሎ «ይህን ልቅደደው?» አለኝ። እንዲተወው ነግሬ፣ በኅዳጉ ላይ 409 ብዬ ጽፌ ከጎኑ ፈረምኩ።